የኪታብ ጠባቂዎች ሞትና የአማና ጉዳይ፦ ከባግዳድ እስከ ቦንጋ

አንድ ዓሊም ሲሞት ሞቱ በአካባቢው ሁሉ ይሰማል። ደረሶቹ ያነሱታል፤ ከእርሱ የተቀበሉትንም ትምህርት በስሙ ያስተላልፋሉ። የዚያን ዓሊም ኪታቦች በሣጥን ያኖረው፣ ከሻጋታና ከምስጥ የጠበቃቸው፣ ለደረሳ እያዋሰ ያስመለሳቸው ሰው ሲሞት ግን ስሙ ከለቅሶው ሰሞን አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ የኪታብ ጠባቂን ሕይወት መዝግቦ ማኖር ለምን እንደሚያስፈልግና በምን አኳኋን እንደሚከናወን ለመምህራንና ለኢማሞች እናብራራለን። ትኩረታችንም ቦንጋና የከፋ ዞን ነው።

የቀደሙት ዑለማ የኪታብ ጠባቂውን «ኻዚን» ብለው ይጠሩት፣ ሕይወቱንም ከሙሐዲሶችና ከፈቂሆች ጋር በተርጀማ መዝገቦቻቸው ያሰፍሩት ነበር። ታጁዲን ኢብኑ ሳዒ (የሞቱት በ674 ዓመተ ሂጅራ) በባግዳድ የኒዛሚያና የሙስተንሲሪያ መድረሳዎች ኻዚንና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ኢብኑል ፉወጢ ደግሞ ሞንጎሎች በ656 ዓመተ ሂጅራ (1258 እ.ኤ.አ.) ባግዳድን ሲይዙ ገና በልጅነታቸው ተማረኩ። በኋላም በመራጋ፣ ነሲሩዲን ጡሲ ባቋቋሙት የከዋክብት መመልከቻ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኑ። ወደ ባግዳድ ተመልሰው በሙስተንሲሪያ በዚያው ሥራ ቆዩ፤ በ723 ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ሰፊ የሕይወት ታሪክ መዝገብ አዘጋጅተው ነበር፤ ከፊሉ እስከ ዛሬ ደርሷል። የእርሳቸውን ሕይወት ደግሞ ኢማም ዘሀቢ መዝግበዋል። የባግዳድ ኪታቦች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ የጠባቂዎቻቸው ስምና ሥራ ግን ስለተጻፈ አልጠፋም።

በአገራችንም በተቋም የሠሩት ይታወሳሉ። በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሠርተዋል፤ የያኔውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም መርተዋል። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ መጻሕፍት ስብስብ ጥናት ጽፈዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ሥራቸው በጽሑፍ ተዘከረ። በመስጂድ ማዕዘን አንድ ሣጥን ኪታብ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም።

ከፋ እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ የራሷ ንጉሥ በነበራት ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖሩባትና ይመላለሱባት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ የምትጎራበታት ጅማም የታወቀች የዒልም ማዕከል ናት። እንዲህ ባለ አገር ኪታብ ከነጋዴና ከደረሳ ጋር ይጓዛል፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ ምድር ወረቀት ያለ ጠባቂ ብዙ አይቆይም።

ጉዳዩ ከመታሰቢያነት ያለፈ ነው። በጠባቂው እጅ ያሉት ኪታቦች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የግል ንብረቱ ነው፤ ሌላው ወቅፍ ነው፤ ሌላው በውሰት የመጣ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መመሪያ መሠረት ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ባደረጉት ወቅፍ እንደታወቀው፣ ወቅፍ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። ልዩነቱን የሚያውቀው ጠባቂው ብቻ ከሆነና ሳይጽፈው ከሞተ፣ ወራሾቹ በቅን ልቦና የመስጂዱን ኪታብ ከውርስ ጋር ሊከፋፈሉት ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚጠፋው ዒልም ብቻ አይሆንም፤ አማናም ይጓደላል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ኑዛዜ የሚደረግበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያሳልፍ ተመክሯል። የሰው አማና በእጁ ያለ ጠባቂ ለዚህ ምክር ይበልጥ የተገባ ነው።

ስለዚህ የጠባቂው ተርጀማ የሚከተሉትን ይያዝ። በመጀመሪያ ስሙ፣ ትውልዱና የሞተበት ቀን በሂጅራና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ቀጥሎ ከማን እንደተማረ፣ ኪታቦቹን ከማን እንደተረከበ፣ በእጁ የገለበጠው ካለም የትኛው እንደሆነ ይመዝገብ። ከዚያ ወቅፉ፣ የግሉና የውሰቱ ለየብቻ ይዘርዘር፤ ተውሶ ያልመለሰ ሰው ካለም ይጠቀስ። በመጨረሻ ቁልፉን ማን እንደተረከበ በሁለት ምስክር ይረጋገጥ። ውዳሴ አይብዛበት፤ የተርጀማ ጸሐፊዎች መልካሙን ሲያወሱ ጉድለቱንም አልሸሸጉም። አንዱ ቅጂ በመስጂዱ፣ ሌላው እንደ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ባለ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ከእሳትና ከዝናብ ይድናል።

የሞቱትን በተመለከተ ከልጆቻቸውና ከደረሶቻቸው መጠየቅ፣ በኪታቦቹ የመጨረሻ ገጽና በኅዳጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን በሕይወት ያለውን ሽማግሌ መጠየቅ ነው። ኢማሙ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ደረሳ ደብተር አስይዞ ከጎናቸው ቢያስቀምጥ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም ዘላቂ ምጽዋትና ጠቃሚ ዒልም እንደማይቋረጡ ተምረናል፤ ኪታብን ለተማሪ ጠብቆ ማቆየት ከሁለቱም ድርሻ እንዳለው ተስፋ እናደርጋለን። አላህ ለጠባቂዎቻችን ይዘንላቸው፤ እኛንም አማናቸውን የምናደርስ ያድርገን።