ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲገባ

መምህርን በገዛ ክፍሉ እያዩ ማገዝ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው በሱፐርቪዥን ስም ነው። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ይታቀፋሉ፤ የማዕከሉ ሱፐርቫይዘር እየተዘዋወረ ትምህርት ሲሰጥ ይመለከታል፣ ከመምህራን ጋርም ይወያያል። እገዛው ከንቱ ልፋት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት ክፍለ ሀገር በተካሄደ ጥናት፣ ክፍላቸው ድረስ አሠልጣኝ የመጣላቸው መምህራን ተማሪዎች፣ መምህሮቻቸው ማዕከል ተጠርተው ከሠለጠኑላቸው ተማሪዎች ይበልጥ በንባብ ተሻሽለዋል።

መምህሩ ያቃተውን ደፍሮ ካልተናገረ ግን ምክሩ ቦታውን አያገኝም። ላለመናገሩም ምክንያት አለው። ክፍል የሚገባ እንግዳ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በተቆጣጣሪነት ነው። ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ 4 የሚመድበው ኢንስፔክሽን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ከተለየ በኋላም፣ ሱፐርቫይዘሩ የጻፈው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ይውላል የሚለው ሥጋት አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ጉብኝት መኖሩ ሲሰማ የዕለት ትምህርት ዕቅድ በጥድፊያ ይጻፋል፣ ትናንት የተማሩት ትምህርት እንደ አዲስ ይሰጣል፣ የሚጠየቁትም ጎበዞቹ ብቻ ይሆናሉ። እንግዳው የዘወትሩን ክፍል ሳያይ ይወጣል።

አንቶኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር የቺካጎ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ መተማመን በመከባበር፣ ለሌላው በማሰብ፣ በሙያ ብቃትና በሐቀኝነት እንደሚገነባ አስረድተዋል። ቶሎ የሚፈርሰው በመጨረሻው በኩል ነው። ለብቻ የተነገረውን ችግር በመምህራን ስብሰባ ላይ ለምሳሌ ያነሣ ሱፐርቫይዘር ከዚያ ወዲያ የሚያየው የተዘጋጀለትን ብቻ ነው።

መልካሙ አካሄድ መምህሩ ምን እንዲታይለት እንደሚፈልግ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ የ4ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት የኋላ ተቀማጮቹ እንደማይከታተሉ ትናገራለች። ሱፐርቫይዘሩ ጥግ ይዞ የዴስኮቹን አቀማመጥ በወረቀት ይነድፋል፤ ልጅ በተጠየቀ ቁጥር በቦታው ምልክት ያደርጋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ይሰጣታል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። ምልክቶቹ ፊት ባሉት ሁለት ረድፎች ላይ መከማቸታቸውን ራሷ ታያለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደምትሞክርም ራሷ ትወስናለች። ወረቀቱ እሷው ዘንድ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ጠመኔውን ተቀብሎ ቢያስተምርና የተጨናነቀው ክፍል እሱንም ሲፈትነው ቢታይ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ያቀራርባቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን በሱፐርቫይዘሩ ቅንነት ብቻ የሚዘልቅ አይደለም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የምልከታ ማስታወሻ ወደ ምዘና ፋይል እንደማይገባ ወስነው ለመምህራን አስቀድመው ማሳወቅ ይገባቸዋል።