አብራሪ የማይሳፈርበት ቃኚ አይሮፕላንና ዋጋው

«ግሎባል ሆክ» የተባለው የአሜሪካ ጦር ቃኚ ድሮን ሳያርፍ ከ30 ሰዓት በላይ ይበራል። ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሲጀመር፣ አሠሪው አጥብቆ የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም የአንዱ አይሮፕላን ዋጋ ከ10 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ነው። የቀረውን ሁሉ ሠሪው በዚሁ ልክ እንዲያመቻች ተፈቀደለት። አይሮፕላኑ በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በ2001ም ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ያለ ዕረፍት አውስትራልያ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ገዢው የበለጠ ጭነትና የረቀቀ መሣሪያ ጠየቀ፤ ክንፉም ከ35 ወደ 40 ሜትር ገደማ ረዘመ። የሚሠራው ቁጥርም ተቀነሰ። ስለዚህ በ2013 በተደረገው ስሌት የአንዱ የግዢ ወጪ፣ ተጓዳኝ ዕቃው ጭምር፣ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የተዋዋሉት ዋጋ የሚጸናው የዕቃው ዓይነትና ብዛት ሲጸና መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ይረዳል።