የጋሪን ሳንቃ ከመበስበስ ስለ መጠበቅ

በአርሲ ዞን፣ በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ፣ በሁሩታና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ጋሪ የማይገባበት ሥራ ጥቂት ነው። የመገበሪያው ስንዴ፣ የሕንፃው አሸዋና ሲሚንቶ፣ የምእመናኑ ማዳበሪያ በጋሪ ይጓጓዛል። ጎማውና ብረቱ ገና ብዙ ሳያረጁ ቀድሞ የሚያልቀው የወለሉ ሳንቃ ነው። ከሥሩ የላላ ሳንቃ ሸክም እንደ ተጫነበት ሲሰበር የሚፈሰው እህል ብቻ አይደለም፤ ፈረሱም ነጂውም ይጎዳሉ።

እንጨትን የሚያበሰብሰው በርጥበት የሚያድግ ፈንገስ ነው። የእንጨቱ ርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ፈንገሱ ሊያድግ አይችልም። ጋሪ ከዝናብ ፈጽሞ ሊከለል ስለማይችል ዋናው ጥረት የረጠበው ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። ውኃ ከሳንቃው ፊት ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል እጅግ ፈጥኖ ይገባል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ከፈረሱ ሲፈታ አግዳሚዎቹ መሬት ይነካሉ፤ ወለሉ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የክረምቱም ዝናብ በፊተኛው ጠርዝ ይጠራቀማል። ባየኋቸው ጋሪዎች ብስባሹ አብዛኛውን ጊዜ የጀመረው ከዚያው ነው። አግዳሚዎቹን በድጋፍ ከፍ አድርጎ ማቆም፣ በሳንቃዎቹም መካከል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ላስቲክ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ከተነጠፈ ርጥበቱን ያፍናል፤ ሸራ የሚለብስ ከሆነ በእንጨት ተደግፎ አየር ከሥሩ ይለፍ።

የጽድ ውስጠኛ ክፍል ብስባሽንም ምስጥንም ይቋቋማል። ይህን ስል ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ለጋሪ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። በየገበያው የሚገኘው ባሕር ዛፍ በሚገባ ከደረቀና ዘይት ከጠጣ ይበቃል። መድረቁን ለማወቅ ከዚያው ሳንቃ የተቆረጠ ቁራጭ በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ሳንቃው ደርሷል።

ለዚህ ሥራ የተልባ ዘይት ተመራጭ ነው፤ ተልባም ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አመቺው ወቅት ደረቁ ጥር ነው። የመጀመሪያው ቅብ ከአኳራጅ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይቀባል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘይት ብቻ ይሁን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልጠጣው ትርፍ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ቀጣዩ ቅብ የፊተኛው ሲደርቅ ይከተላል። ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል መቸኮል አይገባም። ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙን እናስታውሳለን፤ ሳንቃውም ከመገጠሙ በፊት ከላይ፣ ከሥርና ከጎን ይቀባ። ጫፎቹ ደግሞ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆመው ይደሩ።

ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም በውኃ ተነክሮ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ። በዕቃ ቤት ጥግ ፈጽሞ አይከማች።

ብዙዎች ከጋራዥ የሚገኘውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባሉ፤ ርካሽ ነው፣ ውኃንም በመጠኑ ይከላከላል። ነገር ግን ከሞተሩ የወጣ ብረትና ጤና የሚጎዳ ቆሻሻ አለበት፤ አይደርቅም፤ ጆንያ ውስጥም ይሰርጋል። መገበሪያ የሚጫንበትን ጋሪ በዚህ መቀባት በእኔ አስተያየት የማይታሰብ ነው።

የተልባ ዘይት ፈንገስን አይገድልም፤ የውኃውን መግባት ያዘገያል እንጂ። በተለይ በሰኔ ማዳበሪያ ከተጓጓዘ በኋላ ወለሉ ይጠረግ፣ ይታጠብ፣ ይናፈስ፤ የፈሰሰው ማዳበሪያ ርጥበት ይስባል፣ ምስማርንም ይበላል። ከምስማር ይልቅ ቡሎን ቢታሰር የተበላሸውን አንድ ሳንቃ ብቻ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ሳንቃዎቹ ከሥር በኩል በቢላዋ ጫፍ ይፈተሹ። ቢላዋው ያለ ኃይል ከገባ ያ ሳንቃ ከመኸሩ ጭነት በፊት ይለወጥ።