ከፋብሪካ ሠራተኛ ልጅነት እስከ ካንሰር ክትባት

«ክትባት» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሕፃናት ከፖሊዮና ከኩፍኝ እንዲጠበቁ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠውን ነው። ካንሰር ለያዘው ሰው ክትባት ይሰጠዋል ቢባል ግን «ከታመመ ወዲያ ምን ያደርግለታል?» ብሎ የማይጠይቅ ያለ አይመስለንም። የፕሮፌሰር ኡጉር ሻሂን የሥራ ዘመን በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ያለፈ ነው።

ኡጉር ሻሂን እ.ኤ.አ. በ1965 በቱርክ ኢስከንደሩን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር በአራት ዓመታቸው ወደዚያው ተወሰዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ መምህራቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ በማያደርሰው የትምህርት ዘርፍ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። አንድ ጀርመናዊ ጎረቤት ጣልቃ ገብተው ባይከራከሩ ኖሮ የልጁ ጉዞ እዚያው ላይ በተቋረጠ ነበር። የጎረቤት ነገር እንዲህ ነው!

በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በሆምቡርግ ሆስፒታል ሲሠሩ የወደፊት ባለቤታቸውን ዶክተር ኦዝለም ቱሬጂን አገኙ። እሳቸውም ከኢስታንቡል ወደ ጀርመን የመጡ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ልጅ ናቸው። ሁለቱም የካንሰር ታማሚዎችን ሲያክሙ፣ ያለው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ለታማሚው የሚናገሩት ማጣቱ እጅግ ያስጨንቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በተጋቡበት ዕለት እንኳ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወደ ላቦራቶሪያቸው ተመልሰዋል። (ሙሽሮች ሁሉ እንዲህ ያድርጉ አንልም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውነታችን ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ የሆነውን ለይተው ያጠቃሉ። ካንሰር ግን ከራሳችን ሴል ስለሚነሳ ዘበኛው ብዙውን ጊዜ እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ሆኖም የካንሰር ሴል በዘር ቅንጣቱ ላይ ለውጥ ይዟል፤ ለውጡም ከታማሚ ታማሚ ይለያያል። እንግዲህ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ለውጦቹ ይነበባሉ፤ እስከ 20 የሚደርሱት ይመረጣሉ፤ ምልክታቸውም ኤምአርኤንኤ በሚባል መልእክተኛ ቅንጣት ላይ ተጽፎ፣ ልብስ ሰፊ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ለዚያው ሰው ብቻ ክትባት ይዘጋጃል። ይህ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት የተለየ ነው። ያኛው ጤነኛዋን ከቫይረስ ይጠብቃል፤ ይህኛው የታመመውን ለማከም ነው።

ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ጋኒሜድ የተባለውን ድርጅት፣ በ2008 ደግሞ በማይንዝ ከተማ ባዮንቴክን ከሌሎች ጋር ሆነው አቋቋሙ። ከጋኒሜድ የመነጨው ዞልቤቱክሲማብ የተባለ የጨጓራ ካንሰር መድኃኒት በጃፓንና በአሜሪካ የተፈቀደው በ2024 ነው። 23 ዓመት መሆኑ ነው!

በጥር 2020 ሻሂን ስለ ዉሃን ወረርሽኝ የወጣ ጽሑፍ አንብበው ለካንሰር ያዘጋጁትን ዕውቀት ወደ ኮቪድ አዞሩት። ከፋይዘር ጋር የሠሩት ክትባት ከ43,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት 95 በመቶ የመከላከል ብቃት አሳየ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 እንግሊዝ ፈቀደችው። ለፍትሕ ያህል፣ የኤምአርኤንኤን መንገድ ቀድመው የጠረጉት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ሲሆኑ በ2023 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በየሙስሊሙ ቤት ይነሳ ለነበረው ጥያቄም መልሱ ግልጽ ነው፤ በክትባቱ ውስጥ ከአሳማም ሆነ ከሌላ እንስሳ የተወሰደ ነገር የለም።

ወደ ካንሰሩ እንመለስ። የቆሽት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላም በአብዛኛው ይመለሳል። በኒውዮርክ 16 ታማሚዎች ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር በየልካቸው የተሠራውን ክትባት ወሰዱ። የስምንቱ ሰውነት ለክትባቱ ምላሽ ሰጠ፤ የስምንቱ አልሰጠም። በ2025 በወጣው ውጤት፣ ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ ምላሽ ከሰጡት መካከል በሽታው የተመለሰባቸው ሁለቱ ሲሆኑ፣ ካልሰጡት ግን ሰባቱ ናቸው። 16 ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚህ ተነስቶ «መድኃኒቱ ተገኘ» ማለት ታማሚን ማታለል ይሆናል። ክትባቱን ከተለመደው ሕክምና ጋር የሚያነጻጽረው ሰፊ ጥናት በ2023 ተጀምሯል።