እንግዳ አይደለንም፤ ታዲያ ለምን አንጠይቅም?

አሽዶድ የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን “አገሩን ለመዳችሁት ወይ?” ብለን ስንጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።” በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣውም፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርካዝ ክሊታ የወጣውም እንዲሁ ይላል። ጥያቄውን ቀየር አድርገን “ባለፈው ወር ትሉሽ ላይ የተቆረጠው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ ጠየቃችሁ ወይ?” ያልን እንደሆነ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። “ምን ብዬ ልጠይቅ? ሥራ ስለሰጡኝም ተመስገን” የሚሉን ጥቂት አይደሉም።

በእኛ ባህል እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ “ወጡ ጨው አነሰው” አይልም። የቀረበለትን ይበላል፣ መርቆ ይነሳል። ድስቱን ከፍቶ የሚያየው፣ የጎደለውን የሚጨምረው ባለቤቱ ነው። አገር መልመድ ሲባል ቋንቋ መቻል፣ አውቶቡሱን መለየት፣ ከጎረቤት መግባባት ብቻ ይመስለናል። እነዚህ ሁሉ ቁም ነገር ናቸው። ሆኖም ሰው በቤቱ እንዳለ የሚሰማው “ይህ የእኔ ነው፣ የት ደረሰ?” ብሎ ሳይፈራ ሲጠይቅ ነው ብለን እናምናለን።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ማወቅ አያስቸግርም። በጎንደርና በአካባቢው አያቶቻችን አብዛኞቹ ለብዙ ዘመን ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ ሸክላውን፣ ብረቱንና ሽመናውን እየሠሩ ይኖሩ ነበር። መሬት ላራሹ የታወጀው በ1975፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ነው፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ጉዞው ተጀመረ። ጭሰኛ ደግሞ ባለመሬቱን ሂሳብ አይጠይቅም። ይህን ልማድ በሱዳን በረሃ በእግሩ የተጓዘውም፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣውም አብሮት ይዞት ገብቷል።

አሽዶድን በዚህ ዓይን ካየናት ግን ባለቤቱ ከእንግዳው የሚለይባት ከተማ አይደለችም። የዛሬዋ ከተማ የተቆረቆረችው በ1956 ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከሞሮኮና ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ወደቡ ሥራ የጀመረው በ1965 ነው። በኋላ የጆርጂያ አይሁዶች መጡ፤ በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ከዚያም ከፈረንሳይ ብዙ ሰው ገባ። በባሕሩ ዳር በሚቆመው የረቡዕ ገበያ ስንት ቋንቋ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። እዚያ አንዲት ከሞሮኮ የመጣች አሮጊት “ሚዛኑ ልክ አይደለም” ብላ ስትከራከር “ምን ይሉኛል” አትልም። እርሷም እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ ቀድማ መጥታ መከራከርን ለመደች እንጂ።

ወደ ሥራው ቦታ እንምጣ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በማዕድ ቤትና አረጋውያንን በመንከባከብ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀጥራቸውም የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ካብላን ነው። ካብላኑ ጨረታ ሲሸነፍ ሌላ ይተካል። ሠራተኛዋ ያንኑ ወለል በዚያው መወልወያ ትወለውላለች፤ ለእርሷ የተቀየረው ትሉሹ ላይ ያለው የኩባንያ ስም ብቻ ነው። ስሙ ሲቀየር ግን የፔንሲያዋ ገንዘብ የሚገባበት ቦታም ሊቀየር ይችላል። በ15 ዓመት ውስጥ በአራት ካብላን ሥር የሠራች እናት ገንዘቧ በአራት ቦታ ተበትኖ፣ አንዱንም ሳታውቀው ልትቀር ትችላለች።

ፔንሲያ ለተቀጣሪ ሠራተኞች በአጠቃላይ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ነው። ዛሬ ዝቅተኛው መጠን እንዲህ ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ 6 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 6.5 በመቶ ለፔንሲያ፣ 6 በመቶ ለፒጹዪም፣ ማለትም ለሥራ መሰናበቻ ካሳ ይጨምራል። በአንዳንድ ዘርፎች፣ ለምሳሌ በጽዳት፣ መጠኑ ከዚህ ከፍ ይላል። እንበልና ደመወዙ 6,000 ሸቅል ነው። ከሠራተኛው 360፣ ከአሠሪው 750፣ በድምሩ በወር 1,110 ሸቅል መግባት አለበት። በዓመት 13,320 ሸቅል ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ በእቁብ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ዘንድ ሳንሄድ እናድር ነበር?

ሁላችንም ትሉሹ ሲመጣ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ኔቶው፣ ወደ እጅ ወደሚገባው ድምር ነው። ፔንሲያ የሚለውን መስመር አንድ ጊዜ የልጅ ልጃችሁ በጣቱ ያሳያችሁ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። መስመሩ መኖሩ ብቻ ግን ገንዘቡ ገብቷል ማለት አይደለም። ከፔንሲያ ድርጅቱ በየዓመቱ የሚላከውን ደብዳቤ ሳትከፍቱ አትጣሉት፤ ትሉሹ ላይ የተቆረጠው እዚያም መታየት አለበት። ከሠራተኛው ቆርጦ ለፔንሲያው አለማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው።

የት እንዳለ የማይታወቅ የቆየ ገንዘብ ለመፈለግ “ሀር ሀኬሴፍ” የተባለ የመንግሥት አገልግሎት በኢንተርኔት አለ። ትርጉሙ የገንዘብ ተራራ ማለት ነው (ስሙ ያማረ ነው፤ ተራራውን የከመረው ግን የእኛ ላብ ነው)። የሚጠይቀው የመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያው የተሰጠበትን ቀን ነው፤ ክፍያ የለውም። ስለዚህ “ገንዘብህን ፈልጌ ላውጣልህ” ብሎ ድርሻ ለሚጠይቅ ሰው ከመፈረማችሁ በፊት ልጆቻችሁን አማክሩ። የፒጹዪሙን ገንዘብ አስቀድሞ ማውጣት በጡረታ ዘመን በየወሩ የሚገኘውን እንደሚቀንስም አትርሱ።

ጊዜም አለው። የደመወዝና የፔንሲያ ጥያቄ በአብዛኛው 7 ዓመት ካለፈው በፍርድ ቤት መጠየቅ ያስቸግራል፤ የዓመት ዕረፍት ጥያቄ ደግሞ በ3 ዓመት ያልፍበታል። የድሮ ትሉሾችን በፌስታል አስራችሁ ያስቀመጣችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁ “ይህን ቆሻሻ ጣሉት” ቢሏችሁ አትስሟቸው። በስልክ “ነገ አትምጪ” ተብላችሁ ሥራ እንደቆመ አድርጋችሁ የምትቀበሉም አላችሁ። አሠሪ ከማሰናበቱ በፊት ሠራተኛውን ጠርቶ መስማት አለበት፤ ይህ ሺሙዕ ይባላል። ከአንድ ዓመት በላይ ለሠራ የወር ደመወዝተኛ ደግሞ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

ይሉኝታችን የሚያስከፍለን በሥራ ቦታ ብቻ አይደለም። ስልክ ይደወላል፤ በፍጥነት የሚናገር ሰው ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ቫይታሚን ያወራል። እኛ ሰው ሲናገር “እሺ፣ እሺ” ማለት ከአክብሮት የመጣ ነው፤ እየሰማሁህ ነው ማለታችን እንጂ ተስማምቻለሁ ማለታችን አይደለም። በዕብራይስጥ ግን “ኬን፣ ኬን” ይሆንና ተቀድቶ እንደ ስምምነት ይቀመጣል። በሚቀጥለው ወር ከባንክ ገንዘብ ይወጣል።

ለዚህ ሕጉ መውጫ አበጅቷል። በስልክ ወይም ቤት ድረስ በመጣ ሻጭ የተደረገ ግዢ ለማንኛውም ሰው በአጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ደግሞ፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ፣ 4 ወር ድረስ ጊዜ አላቸው። ሻጩ ምክንያት ካልሰጣችሁ ሊል አይችልም። ሊያስከፍል የሚችለው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ከዚህ ውጭ የሆኑ ጥቂት ዕቃዎች አሉ፤ ለምሳሌ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። በየቤቱ ደብዳቤ የሚያነበው፣ ከባንክ ጋር የሚነጋገረው ልጅ ነው። መርዳቱ መልካም ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቱን ዕዳ ሲያነብ ግን ለአባትም ለልጅም ይከብዳል። አባት ጥያቄውን በራሱ አፍ፣ በተሰበረም ዕብራይስጥ ቢሆን፣ ይጠይቅ፤ ልጁ ጎኑ ይቀመጥ። በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲቀርብላችሁ መጠየቅም አያሳፍርም።

የሲግድ በዓል በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ተቀጣሪ ሠራተኛ ከዓመት ዕረፍቱ አንዱን ቀን ለሲግድ ማድረግ ይችላል፤ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ለአሠሪው ካሳወቀ ቀኑ መብቱ ነው። ብዙዎቻችን ግን “እባክህ ልሂድ?” ብለን እንለምናለን፤ አለዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሳንወጣ ሥራ ላይ እንውላለን። በዓሉ በሔሽቫን 29 ነው። የቀን መቁጠሪያውን አውጡና 30 ቀን ወደኋላ ቁጠሩ፤ ደብዳቤው ሁለት መስመር ይበቃዋል።