ነጋዴና የባዕድ ቋንቋ፤ ያለ ክፍያ ዐረብኛን ስለ መማር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመርካቶ የጨርቅ ነጋዴ በዱባይ ከተማ፣ ዴራ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ሱቅ ተቀምጠው በአስተርጓሚ አማካይነት ዋጋ ይነጋገሩ ነበር። ሻጩ በቋንቋው ጥቂት ቃላት ከተናገረ በኋላ አስተርጓሚው ወደ ነጋዴው ዘወር ብሎ፣ «ለአንዱ ጣቃ ሰባ ድርሃም ነው የሚለው» አላቸው። እኒህ ሰው ዐረብኛ ከቶ አያውቁም ነበር። ነገር ግን ሻጩ «ኀምሲን» ሲል በጆሯቸው ሰምተው ነበርና፣ ቃሉ ከሰባ ይልቅ ሃምሳን መሰላቸው። እርግጠኛ ስላልነበሩ ምንም ሳይናገሩ ዕቃውን በሰባ ገዙ። ማታ ወደ ሆቴላቸው ተመልሰው የዐረብኛን ቁጥር ከእጅ ስልካቸው ፈልገው ቢያዳምጡ፣ ኀምሲን ሃምሳ፣ ሲቲን ስልሳ፣ ሰብዒን ሰባ፣ ሰማኒን ሰማንያ፣ ቲስዒን ዘጠና ሆኖ አገኙት። ይህን ሲያጫውቱን፣ ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የቆጫቸው ቃሉ እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ አለማወቃቸው መሆኑን ነግረውናል። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ ሰባት ዓመት ነበር። ትምህርቱን የጀመሩትም በዚያው ሌሊት ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ቡናችን፣ የቁም ከብታችንና ሥጋችን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳል። የገቢና የወጪ ዕቃችን የሚያልፍባት ጅቡቲም ፈረንሳይኛንና ዐረብኛን የመንግሥት ቋንቋዎቿ አድርጋለች። ይህን ያህል ንግድ በአንድ ቋንቋ አጠገብ ሲካሄድ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። የቀረው በሌላ ሰው አፍ ይገዛል፣ በሌላ ሰው ጆሮ ይሸጣል። ደላላ የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረቦቹ «ደላል» ጋር አንድ መሆኑ ያለ ነገር አይመስለንም።

ዐረብኛ አስቸጋሪ ቋንቋ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎቹ ዐረብኛን ከሁሉ ከሚከብዱት ቋንቋዎች መድቦ፣ 88 ሳምንት ወይም 2,200 የትምህርት ሰዓት ይፈልጋል ይላል። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚያጠና ሰው ይህን ለመፈጸም ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሆኖም ሒሳቡ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ያውም ስለ ፖለቲካ መከራከር ለሚገባው ዲፕሎማት። አማርኛና ዐረብኛ ግን ከአንድ የሴም ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው። ቤት፣ ራስ፣ ዓይን፣ ስም፣ ነፍስ የሚሉት ቃላት በሁለቱም ወገን ይታወቃሉ። ወደ ሱቅ የገባን እንደ ሆነ ደግሞ ሱቅ ራሱ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ወረቀትና ደብተር በዐረቡ ጆሮ ባዕዳን አይደሉም። በልጅነታችን ያስለቀሱን ሦስቱ «ሀ»ዎችና ሁለቱ «አ»ዎችም በአማርኛ ንግግር አንድ ሆነው ቢቀሩ፣ በዐረብኛ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀና ዓይኑ ዐ ሦስቱም በየራሳቸው ድምፅ በጉሮሮ ይነገራሉ። ፊደሉን ጠንቅቆ የተማረ ሰው የልዩነቱን ምክንያት እዚያ ያገኘዋል።

ያለ መምህር መማር ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ ከነጋዴዎች መካከል ሃይንሪኽ ሽሊማን የተባለው ጀርመናዊ ጥሩ ምስክር ነው። እርሱ በኋላ የትሮይን ፍርስራሽ በመቆፈር ስመ ጥር ከመሆኑ በፊት፣ በአምስተርዳም ከተማ በንግድ ቤት ተላላኪ የነበረ ድኻ ወጣት ነበር። ደመወዙን ከፍሎ ለትምህርት ያውለው እንደ ነበር፣ ለመላላክ ሲወጣ በዝናብም ቢሆን መጽሐፍ ከእጁ እንደማይለይና በፖስታ ቤት ተራ ሲጠብቅ እንኳ ያነብ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። በ1844 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሩሲያን ቋንቋ ሊማር ቢነሣ የሚያስተምረው አላገኘም። ስለዚህ አንድ በሩስኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ፣ አንድ ሰዋስውና አንድ መዝገበ ቃላት ይዞ ብቻውን ያጠና ጀመር። በቃሉ ያጠናውን የሚያዳምጠው ሰው ስላስፈለገው፣ ሩስኛ ከቶ የማያውቅ አንድ ድኻ ሰው በሳምንት በ4 ፍራንክ ቀጥሮ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ያነበንብለት ነበር። የሆላንድ ቤቶች ወለል ስስ ሳንቃ በመሆኑ ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ስላስመረረ፣ ሁለት ጊዜ ቤት ለመለወጥ ተገድዷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ለአንድ የሩሲያ የኢንዲጎ ነጋዴ ወኪል የመጀመሪያ ደብዳቤውን ጻፈ፤ በ1846ም የንግድ ቤቱ ወኪሉ አድርጎ ወደ ፒተርስበርግ ላከው። (ሽሊማን ስለ ራሱ ሲጽፍ ማጋነን ይወድ እንደ ነበር የመረመሩት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ስድስቱን ሳምንት በጥንቃቄ መቀበል ይሻላል።)

ሽሊማን በጩኸትና በገንዘቡ ያገኘው መሣሪያ ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። ከላይ ያነሣነው የአሜሪካ ተቋም ቀድሞ ያሳተማቸው መማሪያዎች የመንግሥት ሥራ በመሆናቸው፣ መጽሐፎቹና የብዙዎቹ የድምፅ ቅጂዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ከነዚህም አንዱ በ1975 የወጣውና በጅዳና በመካ የሚነገረውን የሒጃዝ ዐረብኛ የሚያስተምረው መጽሐፍ ነው። አቀራረቡ ደረቅና ድግግሞሽ የበዛበት ቢሆንም፣ ለገበያ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ ብዙ አላየንም። በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎ ዐረብኛን እየቀለደ ያስተምራል፤ ፊደል ለመልመድ ይረዳል፤ ሆኖም በእርሱ ብቻ የተማመነ ሰው ከዓመት በኋላ ዋጋ መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል።

ከሁሉ የምንመርጠው ግን በ2006 ዳሚየን ኤልምስ ያበጀው አንኪ የተባለው የካርድ ማጥኛ ነው። ተማሪው በካርዱ በአንድ ፊት የአማርኛውን፣ በሌላው ፊት የዐረብኛውን ቃል ይጽፋል። ያወቀው ቃል ከቀናት፣ ቀጥሎም ከሳምንታት፣ ከዚያም ከወራት በኋላ ይመለስለታል፤ የረሳው ግን ወዲያው ይመጣበታል። በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ ስልክ ያለ ዋጋ ይሠራል፤ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። ካርዶቹ አንድ ጊዜ በስልኩ ከገቡ በኋላ ኢንተርኔት ስለማይፈልጉ በታክሲ ሰልፍም ማጥናት ይቻላል። በቀን ከአምስት እስከ ዐሥር ቃል ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ሃምሳ ሃምሳ ቃል የሚያስገባ ሰው፣ በሦስተኛው ሳምንት የክለሳው ክምር አስፈርቶት ይተወዋል።

ስለ ጉድለቱም መናገር ይገባል። አብዛኛው ነፃ ትምህርት በእንግሊዝኛ አማካይነት የሚሰጥ ስለ ሆነ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው በሩ ጠባብ ነው። ደግሞም በጋዜጣና በውል የሚጻፈው ዐረብኛ በገበያ ከሚነገረው ይለያል፤ ተማሪው የትኛውን እንደሚሻ አስቀድሞ ካልወሰነ ሁለቱን ቀላቅሎ ይቀራል። በስልክ የሚሠራው የትርጉም መሣሪያም ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ቢጨምር፣ ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ ዋጋ ሲከራከሩ ስልክ እየዘረጉ ማቋረጥ ጨዋታውን ያበላሻል።

የመጨረሻው ጉድለት አራሚ ማጣት ነው። ለዚህ ግን የሽሊማንን ያህል መቸገር አያስፈልገንም። በጅዳ፣ በዱባይና በቤይሩት ዓመታት ሠርተው የተመለሱ ብዙ እኅቶቻችን በየሰፈራችን አሉ። ዐረብኛውን የተማሩት ከሕዝቡ አፍ ነው፤ ዕውቀታቸውንም ዋጋ ብሎ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ነጋዴ በሳምንት ሁለት ማታ አንዷን በተገቢ ክፍያ ቀጥሮ ቢነጋገር፣ ነፃው ትምህርት ያልሰጠውን ያገኛል።

የመርካቶው ወዳጃችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከሱቃቸው አጠገብ ሻይ የምታፈላ፣ በጅዳ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት በሰዓት እየከፈሏት «ሐ»ውን ከ«ኀ»ው ለይተው እንዲናገሩ ታርማቸዋለች፤ አንዳንዴም ትስቅባቸዋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዴራ ሲመለሱ አስተርጓሚ ይዘው ነበር የሄዱት፤ ውል ማንበብ ገና አልቻሉምና። ሻጩ ዋጋውን ሲናገር ግን አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት እርሳቸው ቁጥሩን በደብተራቸው ጽፈው አኖሩት።