ከጥልቀቱ በፊት አፈሩን ጠይቁ

የወርቅ ዲቴክተር ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይወርዳል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አፍ የሚያስከፍት ቁጥር ይዞ ይጠብቀዋል። በወሎ፣ ወረኢሉ ይሁን መካነ ሰላም ወይም አቀስታ፣ ስለ አዳዲሶቹ ማሽኖች ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ጥልቀት ላይ ይጀምርና ጥልቀት ላይ ያልቃል። ማሽኑ ከሚወራለት በላይ የረቀቀ ስለሆነ በዚህ ብቻ መለካቱ ይቆጨኛል። የዲቴክተር ትልቁ ችሎታ አፈሩ የሚያሰማውን ድምፅ ከወርቁ ድምፅ መለየት ነው።

አሠራሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ኮይል የሽቦ ጥቅል ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፣ ያ ኃይል ያገኘው ብረታ ብረት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፣ ኮይሉም መልሱን ይሰማል። የስልክ ፈጣሪው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ገላ ውስጥ የቀረችውን ጥይት ፈልጎ ነበር። አላገኛትም፤ የአልጋው የብረት ሽቦ መሣሪያውን እንዳወከው ይነገራል። ዛሬም ዲቴክተርን የሚያውከው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ መሬቱ ራሱ ነው።

የወሎ ደጋ የቆመው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በረጋ ባዝልት ላይ ነው። ባዝልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለ። ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ ሲፈርስ ማዕድኑ ወደ አፈሩ ይገባል። ኮይሉ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲያልፍ አፈሩም ይመልስለታል። አንድ ጊዜ ከወረኢሉ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ተዳፋት ላይ አንድ ወጣት ማሽኑን ይዞ አገኘሁት። «ጋሼ፣ እዚህ ታች ከባድ ነገር አለ» አለኝ፤ ጉድጓዱ ጉልበቱ ድረስ ደርሷል። የወጣውን አፈር በእጃችን እየበተንን በኮይሉ ላይ ስናሳልፍ የሚጮኸው ነገር ተገኘ፦ የእንቁላል መጠን ያለው ጥቁር ድንጋይ። ወርቅ ፈላጊውን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ነው።

አፈር የሚያሳስተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቀላል ነው፦ ኮይሉ ወደ መሬት ሲጠጋ የአፈሩ ምላሽ ይበረታል፣ ሲርቅ ይደክማል፤ ማሽኑ ይህን ለውጥ እንደ ብረት ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመር በፊት ንጹሕ ቦታ ላይ ኮይሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ ሳይለዋወጥ እስኪጸና ድረስ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ግድ ነው። ይህን የሚዘል ሰው ስንቱ ነው! ደግሞም አጫጅ ማጭድ እንደሚወነጭፍ እያደረገ፣ በሁለቱም ጫፍ ኮይሉን ወደ ላይ እያነሣ የሚሄድ አለ። ኮይል ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በቀስታ፣ ሣሩን እየዳሰሰ ይሂድ።

ሁለተኛው መንገድ ስውር ነው። ለወርቅ የሚመረጡት ትልልቅ ማሽኖች ኃይሉን በምት ይልኩና ወዲያው ያቋርጡታል፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ማዳመጡ የሚለካው በሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። የትንሽ ወርቅ ምላሽ በቅጽበት ይጠፋል፤ የትልቁ ይቆያል። ችግሩ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ የብረት ማዕድናትም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ መግነጢስነታቸውን ቶሎ አለመልቀቃቸው ነው፤ እነሱም ጥቂት ያስተጋባሉ። ማሽኑ ይህን የአፈር ማስተጋባት ለክቶ ከሰማው ላይ ይቀንሳል። ሲቀንስ ግን ምላሹ የአፈሩን የሚመስል ወርቅ ካለ አብሮ ይቀነሳል! ማሽኑ ሌላውን ሁሉ እየሰማ ያችን መጠን ብቻ ሳይሰማ ያልፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አውስትራሊያ ውስጥ የተመሠረተው ሚኔላብ በ1995 ኤስዲ 2000 የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ስሙን የተከለው ይህን ችግር በማቃለሉ ነው፤ ርዝመታቸው የተለያየ ምቶች እየላከ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲሰማው አደረገ። ያ ሐሳብ ዛሬም የብዙ የወርቅ ዲቴክተሮች መሠረት ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ከጥልቀቱ ቁጥር በታች በደቃቁ ይጻፋል።

ከአዲስ ማሽን የምንጠብቀውም ከዚህ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጂፒዜድ 7000 ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ይዞ ለሚውል ክንድ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ጂፒኤክስ 6000 ወደ 2 ኪሎ ወረደ፣ አፈሩንም ራሱ እየተከታተለ ይስማማል፣ የጆሮ ማዳመጫውም ገመድ አያስፈልገውም። እኔ ክብደቱንና ገመዱን በአንድ ቃል አልፋቸዋለሁ፤ ደግ ነገር ናቸው። ራሱን ማስማማቱ ግን ለእኛ መሬት ትልቅ ነው። ከዋልካ ወደ ቀይ አፈር፣ ከቀይ አፈር ወደ ጭንጫ በጥቂት እርምጃ በሚለዋወጥበት አገር፣ የአፈሩን ለውጥ ከሰውየው ቀድሞ የሚያውቅ ማሽን ያስፈልጋል። ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የማይረበሽ ማሽንም እንዲሁ። ስለዚህ ሻጩን «እዚሁ፣ ጥቁር ድንጋይ ባለበት መሬት ላይ አሳየኝ» በሉት። ኮይሉን ድንጋዩ ላይ አሳልፉት፤ ዝም ካለ፣ ከዚያ ትንሽ ወርቅ አስጠጉለት። ሁለቱን የለየ ማሽን ዋጋውን ያወጣል።

አንቴና መሳይ ዘንግ ይዞ ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል የሚባለውን ዕቃ ግን አትንኩ። ኤዲኢ 651 የተባለ፣ ለኢራቅ በቦምብ መፈለጊያ ስም የተሸጠ ተመሳሳይ ዘንግ ምንም የማይሠራ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። በገጠር ከብት ተሸጦ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ ማየት ያንገበግባል።

ወረኢሉ ላይ ወርቅ አለ ወይ ለሚለኝም እውነቱን እነግረዋለሁ። የአገራችን ወርቅ የሚወጣው ከጥንታዊው ዓለት ነው፦ አዶላ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላ፣ ትግራይ። በእኛ በኩል ያ ዓለት ከባዝልቱ፣ ከኖራ ድንጋዩና ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር በጣም ጠልቆ ይገኛል፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ወርቅ ደግሞ ለምርጡ ማሽን እንኳ ከስንዝር ባነሰ ጥልቀት ካልሆነች አትሰማም። ደቃቅ ወርቅማ ጭራሽ አይሰማም፤ እሱ የገበቴና የውሃ ሥራ ነው። የደላንታን ኦፓል በዲቴክተር እፈልጋለሁ የሚልም ሰምቻለሁ፤ ኦፓል ብረታ ብረት ስላልሆነ ማሽኑ ከላዩ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ማሽኑ የሚጠቅመው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወጥተው አሶሳና መተከል የሰፈሩ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ፣ ፈቃድ አውጥቶ ለሚሠራ ሰው ነው። እዚህ አሮጌ ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ሰፈር ፍርስራሽ ላይ ይዞት የሚዞር ደግሞ ያጠፋል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያልተፈቀደ የቅርስ ቁፋሮን ይከለክላል።

ከሁሉ የምጓጓለት፣ እስካሁንም በቅጡ ያልተሟላው፣ በምት የሚሠሩት ማሽኖች ብረትን ከወርቅ የመለየት ችሎታ ነው። አንዳንዶቹ ይሞክራሉ፤ ግን ጠልቆ ያለን ወይም ቅርጹ የተጣመመን ብረት ሲስቱ ይገኛሉ። ወረኢሉ ደግሞ የብረት መሬት ነው። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ ሠራዊቱን ያከተቱት እዚህ ነው፤ በ2014 ዓ.ም.ም የሰሜኑ ጦርነት ወረኢሉን፣ ጃማንና አቀስታን ረግጧል። ከመሬቱ ውስጥ ቀለህ፣ ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ መውጣቱ ምንም አይደለም፤ ያልፈነዳ መሣሪያም ይኖራል፣ ማሽኑም እሱን ከወርቅ ለይቶ አይነግራችሁም። ስለዚህ ውጊያ በተካሄደበት መሬት ላይ ማሽኑ ቢጮህ አትቆፍሩ። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ራቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው አስተዳደር ንገሩ።